አልነሳም ያለው ካሜራ

በእኛ ቋንቋ መኪናም ይነሳል፣ ሰውም ይነሳል፣ ፎቶም ይነሱታል። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለችው ስቱዲዮዬ በር ላይ የሚቆም ደንበኛ ሁሉ «ልንነሳ መጥተን ነበር» ይላል፤ በኦሮምኛ ቢናገረውም ቃሉ ያው መነሳት ነው። እኔም ሁልጊዜ «ግቡና ተቀመጡ፣ ከዚያ ትነሳላችሁ» እላለሁ። የከረመ ቀልድ ነው፤ ግን እስካሁን ሳይስቅልኝ የገባ ሰው ትዝ አይለኝም። አንድ ቀን ጠዋት፣ በአዲስ አበባ መንገድ ባለችው ሲሬ ከተማ ግን የሚነሱት ሰውዬ ተላጭተው፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ አልነሳም ያለው ካሜራው ነበር።

ስለ ካሜራው ትንሽ ልበል። የሠርግ ካሜራ አይደለም። ፊልም የሚሠራበት፣ ትልቅ ባትሪ ጀርባው ላይ የሚለጠፍበት፣ ከባድ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ክሊፕ ይሠራ የነበረ ሰው ሲሸጥልኝ «አመለኛ ነው» ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ አልዋሸም። ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው አይበራም። መጀመሪያ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ውስጡ ያለችው ትንሽ ፋን ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆይና፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል ምስል ይመጣል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እናቴ ገና በልጅነቴ «አንቺ ሳይበስል የምትበዪ» ትለኝ ነበር። ስበሳጭ ደግሞ «አብሽሪ» ትለኛለች፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። ካሜራውን በገዛሁ ሰሞን ያን ቃል ለራሴ ስንቴ እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

የሲሬዋ ሙሽራ ወደ ስቱዲዮዬ የመጣችው ሠርጓ ገና ወራት ሲቀሩት ነው። ቀኑን ቀድማ አስይዛ ነበርና ልትሰርዝ መስሎኝ ፊቴን አኮሳተርኩ። እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ ስለ አባቷ ነገረችኝ። የጉሮሮ ሕመም አለባቸው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ኦፕራሲዮን መደረግ አለባቸው ብለዋል። በሽታው ይወጣል፣ እሳቸውም እግዚአብሔር ከፈቀደ ይድናሉ፤ ድምፃቸው ግን አይተርፍም።

«አንቺ አታውቂያቸውም» አለችኝ። «ሲሬ ውስጥ አባ ሳይመርቁት የተዳረ ልጅ የለም። የተጣላ ሲታረቅ እሳቸው ናቸው፤ አዲስ ቤት ሲገባ እሳቸው ናቸው። የሰው ልጅ ሁሉ ሲመርቁ ኖረው የኔ ሲደርስ…» አልጨረሰችውም።

ለሠርጓ ቀን እንዲሆን ምርቃቱን አስቀድመው በስልክ ሊቀዱት ሞክረው ነበር። ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ስለሆነ፣ የአባቷም ድምፅ ከመሳሳቱ የተነሳ፣ መልሰው ሲሰሙት የመኪና ጩኸት እንጂ የሰው ቃል የለበትም። እኔ ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ አለችኝ፤ ከካሜራው ጋር ስትገናኝ ሹክሹክታ እንኳ አያመልጣትም። «ይሄማ ምን አላት» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። አባቷ ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱበት ዕለት ጠዋት እንድንቀዳ ተስማማን። ሐኪሙ ድምፅዎን ይቆጥቡ ስላላቸው እስከዚያች ጠዋት ድረስ አንድም ቃል ላይናገሩ ወሰኑ።

ቀኑ ሲደርስ በማለዳ ሲሬ ገባሁ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም አሉኝ፤ አልደነገጥኩም፣ ሁለቱንም ባትሪዎቼን ነቀምቴ ሞልቼ ነው የሄድኩት። አባት ሳሎን ተቀምጠዋል። «አካም ቡልተኒ» ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ እንጂ ቃል አልወጣቸውም። አጠገባቸው ታላቅ እህታቸው አሉ፣ ወንድማቸውን ለመሸኘት ከቢላ ከተማ የመጡ። ሙሽራዋ «አዳዳ» ነው የምትላቸው፣ የአባት እህት ማለት ነው። እኔ በአክብሮት አንቱ ብዬ ስጀምር ሴትዮዋ ክንዴን ቆነጠጥ አድርገው «አንቱ ለሩቅ ሰው ነው፤ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ አይደለሽ?» አሉኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቺ አልኳት፤ እዚህም አንቺ እንዳልኳት ልቀጥል።

ካሜራውን ከሻንጣው አውጥቼ የእንግዳ ክፍሉ አልጋ ላይ አስተኛሁት። ሌንሱን ገጥሜ ክዳኑን ከደንኩበት። ባትሪውን ልሰካ ስል ሙሽራዋ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ወለጋ ውስጥ እንግዳ ሳይበላ ሥራ አይነካም። ጨጨብሳ ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ። «ብዪ እንጂ»፣ «በቃኝ»፣ «ምን በላሽና» ስንባባል ጊዜው ሄደ። አዳዳ አብራን አልበላችም፤ ከጓዳ ወደ እንግዳ ክፍል ስትመላለስ አያታለሁ፣ የወንድሟን ሻንጣ እያዘጋጀች መስሎኝ ዝም አልኩ።

በልቼ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ካሜራውን ሳሎን አመጣሁትና ትሪፖዱ ላይ አሰርኩት። ማይኳን አባት ደረት ላይ ሰካሁ። ባትሪውን ለጠፍኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይ መብራቱ ብልጭ አለ። ፋኗ ግማሽ ትንፋሽ ተነፈሰችና ጸጥ አለች።

አመሉ ነው ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። ብልጭ አለ፣ ተነፈሰ፣ ጠፋ።

ባትሪው ጎን ላይ መጠኑን የምታሳይ ቁልፍ አለች፤ ስጫናት መብራቶቿ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ፣ ሙሉ ነው። ሁለተኛውን ባትሪ ሰካሁ፤ ያው። አንዳንዴ የተበላሸ ካርድ ካሜራን ያሰናክላልና ካርዱን አወጣሁ፤ ያው። ሌንሱን ፈታሁ፣ የማይኳን ገመድ ነቀልኩ፣ ባዶ ቀፎውን ብቻ አስቀርቼ ሞከርኩ፤ ያው። ቁልፉን ተጭኜ ቆየሁ፣ ለቀቅኩ፣ ባትሪውን ነቅዬ አሳርፌ መለስኩ። ከግድግዳ ሶኬት እንዳልሞክረው መብራት የለም። ጎረቤት ጄኔሬተር አለው ተብሎ ሰው ተላከ፤ «ቤንዚን ካገኛችሁ ለእኔም አምጡልኝ» ብሎ መለሰው።

ቆሽቴ አረረ። መጀመሪያ ካሜራውን ሰደብኩት፣ ከዚያ የሸጠልኝን ሰው፣ ከዚያ መብራቱን፣ በመጨረሻም ጊዜዬን በላ ብዬ ጨጨብሳውን ሳይቀር በሆዴ ረገምኩት። አባት ሁሉን ያያሉ። እጃቸውን ዝቅ ከፍ አድርገው ቀስ በይ የሚል ምልክት አሳዩኝ። እሱ ባሰብኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለዚህች ጠዋት ብለው አፋቸውን ዘግተው የሰነበቱ ሰው ለእኔ ይጨነቃሉ።

በዚህ መሃል ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው መኪና በር ላይ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ሙሽራዋ ጥግ ይዛ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረች።

ያኔ ፈራሁ። ደንበኛ አጣለሁ ብዬ አይደለም። ያ ድምፅ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከሄደ ተመልሶ አይመጣም። ይህቺ ልጅ በሠርጓ ቀን አባቷን አጠገቧ አስቀምጣ የሌላ ሽማግሌ ምርቃት ልትሰማ ነው። ምን አላት ብዬ ተስፋ የሰጠኋት ደግሞ እኔ ነኝ። አብሽሪ አልኩ ለራሴ፤ በእናቴ ድምፅ ልለው ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ፋኗ ጨርሳ ሞታ እንደሆን ልስማ ብዬ ባትሪውን ነቅዬ ጆሮዬን ወደ ካሜራው ጀርባ አስጠጋሁ። ጆሮዬ ምንም አልሰማም። አፍንጫዬ ግን ቅቤ ሸተተው።

የራሴ እጅ ነው ብዬ አሸተትኩት፤ እጄ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ካሜራው ጋ ተመለስኩ፤ ቅቤ፣ ያውም ለጋ ቅቤ። የስልኬን መብራት አበራሁበት። የካሜራው ጀርባ ላይ፣ ባትሪው የሚለጠፍበት ቦታ፣ ኤሌክትሪኩን የሚቀበሉ በወርቅ የተለበጡ ትንንሽ ጥርሶች አሉ። በጥርሶቹ መካከል ነጭ ነገር ተጠቅጥቆ፣ በጠዋቱ ብርድ ረግቶ ተቀምጧል።

«ይሄን ማነው የነካው?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ከጓዳው በር ላይ «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። አዳዳ ናት፤ መቀነቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ምን አደረግሽው?»

«ቀባሁት» አለች። «ለወንድሜ ድምፅ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሳይቀባ ሥራ ይጀምራል እንዴ? ግንባሩን ልቀባው ፈልጌ ፊቱ ጠፋኝ። በዚያ በኩል ጥቁር ክዳን ነው ያለው። ወርቅ ያለበት በኩል ነው ፊቱ ብዬ እዚያ ቀባሁት።»

በቀድሞው ልማድ አዲስ ነገር፣ የከበረ እንግዳ፣ ሙሽራም ቢሆን፣ እናቶች አናቱን ቅቤ ቀብተው ነው የሚባርኩት። ዛሬ ግን አብዛኛው የከተማው ሰው ጴንጤ ነው፤ ሙሽራዋም ዘማሪ ናት። ፊቷ ቀላ። «አዳዳ፣ ይሄን ነገር እኮ ትተነዋል» አለች። ቁጣ ሳይሆን ሐፍረት ነበር የሚያናግራት፣ እኔን ነው ያፈረችኝ። አዳዳ ግን እሷን አልሰማቻትም። እኔን ነው የምታየው።

«ገደልኩት?» አለችኝ።

ያን ጊዜ መቆጣት ነበረብኝ፣ በትንሽ ነገር የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ምን እንደነካኝ ግን አላውቅም። ሳቄ መጣ። ከሆዴ የተፈነቀለ ሳቅ፣ ማቆም አቃተኝ። ካሜራው አልሞተም! የተቃጠለ ነገር የለም፣ የተበጠሰ ነገር የለም፤ ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ቅቤ ደግሞ ይጠረጋል። «አልገደልሽውም» አልኳት፤ «አጠገብሽው እንጂ። ጠግቦ ነው የተኛው።»

አሁን ጭንቁ መጥረጊያው ሆነ። ውኃ እዚያ አይገባም፤ ደረቅ ጨርቅም ቅቤውን ያዛምተዋል። አልኮል ያስፈልገኛል። ቤቱ የጴንጤ ቤት ነው፣ አረቄ የሚባል አይገባበትም፤ እኔም እስላም ነኝ፣ ከቦርሳዬ አይጠበቅም። በኮሮና ጊዜ በየቤቱ የነበረው ሳኒታይዘር ተፈልጎ ባዶ ዕቃው ተገኘ። ከአጥሩ ማዶ ግን አረቄ አውጥታ የምትሸጥ የጎጃም ሴት አለች።

«ዳግም አረቄ በይያት፣ ጠንካራውን» አልኳት ሙሽራዋን። ልጅቷ አየችኝ፣ አባቷን አየች፣ በሩን አየች፤ ከዚያ ሻርፗን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። የጎረቤቷ ድምፅ እስከ እኛ ተሰማ፤ «እናንተ ልጆች፣ መዝሙሩ ሳይጀመር ነው እንዴ የምትጀምሩት? ደግሞ ዳግሙን!» ሙሽራዋ ጠርሙሱን ሻርፗ ውስጥ ደብቃ ተመለሰች። ጎረቤቷም፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብላ መሰለኝ፣ ተከትላት መጣች።

ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ አረቄ እያስነካሁ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። ጥጡ ቅቤ ይዞ ሲወጣ ቀየርኩት። ዕድሜ ልኩን አረቄ ሸትቶት የማያውቅ ሳሎን እንደ መጠጥ ቤት ሸተተ። ቀና ስል የአባት ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው። ድምፅ እንዳይወጣቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ሳቁንም ሳይቀር ለልጃቸው ቆጥበውላታል።

ሹፌሩ እንደገና ነፋ። ሙሽራዋ ወጥታ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ከዚያ በኋላ አልነፋም። ጥርሶቹ እስኪደርቁ ጠበቅሁ፤ መጠበቅ ለእኔ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በደረቅ ጨርቅ ደግሜ ዳሰስኳቸው። ሌንሱን መለስኩ፣ ካርዱን፣ ማይኳን። ባትሪውን ለጠፍኩ፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ተጫንኩ።

ቀይ መብራቱ ብልጭ አለ፣ አልጠፋም። ፋኗ ተነፈሰች፣ ቀጠለች። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ከዚያ አባት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ክራቫታቸው ትንሽ ጠምሞ፣ ስክሪኑ ላይ መጡ። እፎይ አልኩ። እኔ አልሐምዱሊላህ ስል ሙሽራዋ ሃሌሉያ አለች፣ የአረቄዋ ጎረቤት ተመስገን አለች፤ ሦስታችንም ዓይናችን እንባ አቅርሮ ነበር።

የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ መቅዳት ጀመርኩና ለአባት በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ሁላችንም ወደ ሙሽራዋ ያያሉ ብለን ነበር። እሳቸው ያዩት ወደ ጓዳው በር ነው። አዳዳ እዚያ የለችም፤ ካሜራው ሲነሳ ማንም ሳያያት ወደ ውስጥ ገብታለች።

«ኮቱ» አሉ። ነዪ ማለታቸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ሆነ። ደንግጬ ላቋርጣቸው ነበር፤ ድምፃቸው ያልቅብናል፣ ለምርቃቱ አይተርፍም ብዬ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ የተፋቀ ነው፤ ግን ማይኳ አጥርታ አመጣችልኝ። መልስ ሲጠፋ ደገሙት፤ «ኮቱ። ቅቤው ተርፏል?»

አዳዳ ትንሽዬ ሳህን ይዛ ወጣች። አንገቷን አላቀናችም። አባት ወደ ጉሮሯቸው ጠቆሙ። እኔ ሙሽራዋን አየኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የሆነ ነገር ልትል ነው አልኩ፤ ምንም ሳትል ሄዳ የአባቷን ክራቫት ራሷ ፈታች፣ የሸሚዛቸውን አንገት ራሷ ከፈተች። አዳዳ በጣቷ ጫፍ ቅቤውን ጉሮሯቸው ላይ ቀባች። እኔ ስክሪኑ ደበዘዘብኝ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና መረቁ። ረጅም አልነበረም። የምትገቡበት ቤት ይሙቅ አሉ፤ የዘራችሁት ይብቀል፣ የወለዳችሁት ይደግ፤ ስትወድቁ ተያይዛችሁ ተነሱ። በየመሃሉ እኛ «ሃ ተኡ» እንላለን፣ ይሁን ማለት ነው። ድምፃቸው ሲደክም እጃቸውን አነሱ፤ ጨረሱ። ሙሽራዋ አንገታቸውን አልጠረገችውም፤ ቅቤውን እንደተቀቡ መኪና ውስጥ ገቡ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። አባት ዳኑ፤ ድምፃቸው እንደተባለው ሄደ።

ሠርጉ ሲደርስ ሲሬ ተመለስኩ። አባት አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ፊታቸው ሞልቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል። ፕሮጀክተሩን ሳስተካክል አዳዳ መጣች። ራቅ ብላ ቆማ ሁለት መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፤ «ዛሬ ታጥቤያለሁ።» እኔም «ዛሬ ጥርሱን ሸፍኜዋለሁ» አልኳት። ተሳሳቅን፤ ወደ ኋላ ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

ቪዲዮውን ሳቀናብር የሠራሁትን ነገር ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን መግቢያውን ቆርጬ ከምርቃቱ ነበር የምጀምረው። ይሄኛውን አልቆረጥኩትም። የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ ምስሉ መጣ፣ አባት ሸራው ላይ ወደ ጎን አዩና በዚያች በተፋቀች ድምፃቸው «ኮቱ» አሉ።

«ዱፌ» አለች አዳዳ ከኋላ፣ መጣሁ ብላ፤ ከመቀመጫዋም ተነሳች።

ሰው ሳቀ። እሷ ሸራውን አየች፣ የተጠራችው የት እንደሆነ ገባት። ልትቀመጥ ስትል አባት ከፊት ሆነው ዞሩ። ድምፅ የላቸውም፤ እጃቸውን ዘረጉላት። ሳቁ ቆመ። ሸራው ላይ ያሉት አባት ሁለተኛ «ኮቱ» ሲሉ እሷ በሰዉ መሃል እየሄደች ነበር። ምርቃቱ ሲጀመር አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ከሁላችን ቀድማ «ሃ ተኡ» አለች።